አስካለን ባሕር ላይ ያገኘናት ለታ

አስካለ መታመሟን ሰማን፤ ስልኳ አይነሳም። እሁድ ልንጠይቃት ቤሩት፣ ዶራ ሰፈር ተገናኘንና፣ የማኅበራችን ልጆች በሠራተኝነት የተቀጠሩባቸውን ቤቶች ምልክት ያደረግኩበትን የኢንተርኔት ካርታ ከፈትኩ። ካርታው መጣ፣ ምልክቶቹ የሉም! ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤ ወይ ፍንክች። «ያላ፣ ፍጠኚ፣ የእረፍት ሰዓታችን አለቀ እኮ!» ትለኛለች ጓደኛዬ ውቢት። ተናድጄ ካርታውን ሳሳንሰው፣ ሁላችንም ቆጵሮስ አጠገብ ባሕር ውስጥ ተኮልኩለናል! ለካ የየቤቱን ሁለት የመገኛ ቁጥሮች ቦታ አቀያይሬ ነው ያስገባሁት። ሳስተካክላቸው ሁላችንም ወደ ቤሩት ተመለስን፤ አስካለም ፋናር ሰፈር ላይ ብቅ አለች።

ሄደን የኩሽናውን በር ስትከፍትልን ጉዱን ነገርኳት። ከነትኩሳቷ ሳቀች።

«ምናለ እዚያው ብትተዉኝ! ማዳሜ ዋና አትችልም።»