የመካነ ብርሃኑ ፓምፕ ዘበኛ

እኔ ሌባ እመስላለሁ እንዴ? መካነ ብርሃን ከተማ ውሃ ጠፋ ተብዬ ፓምፑን ልጠግን ከጎንደር ሄድኩ። የፓምፑ ዘበኛ አያ ደሴ ገና ከበር ቦርሳዬን በረበሩት። ሞተሩን ሳስነሳው ትንሽ ዞሮ ቆመ፤ የሚቆጣጠረው ድራይቭ የሚባለው መሣሪያ «ጭነት የለም» ይላል። የሚገፋው ውሃ አልቆ ይሆናል ብዬ ገንዳውን ባየው ጢም ብሏል። ያኔ እኔም አንድ ነገር ነካክተው ይሆናል ብዬ ሰውዬውን ጠረጠርኩ። የመጋጠሚያውን ክዳን ባነሳ፣ ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዙት ብሎኖች የሉም!

«አያ ደሴ፣ ማን ፈታቸው?»

«እኔ ነኛ! ባለፈው የመጣው ባለሙያ ዓይኑ አላማረኝም። እንዳይወስዳቸው ደበቅኋቸው» አሉና ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ሰጡኝ። አሰርኳቸው፤ ውሃው ተንፎለፎለ። ልሄድ ስል አያ ደሴ በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ጨበጥኳቸው።

«ምነው፣ ብሎኖቹን ሳትመልስልኝ?» አሉኝ።