ሦስተኛዋ እጅ

ነይ ግቢ፣ ነይ ግቢ እህቴ! ውጪው እንዴት ነው፣ አሁንም ይነፍሳል? ያንን ወንበር ሳቢና ተቀመጪ፤ የወንድሜን ሸሚዞች ወደዚያ ገፋ አድርጊያቸው፣ ገና አልተተኮሱም። በሩን ተይው፣ አትዝጊው… የካውያው ሙቀት ያፍነናል። ወዲያኛው ክፍል ሰው አለ፤ ሥራ ላይ ናት፣ ጨዋታችን ቢሰማት ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም።

ልጆችሽ ደህና ናቸው? ትልቋ አሁንም መሳል ትወዳለች? ተያት፣ አትከልክያት። ዘንድሮ ሙያ የሌለው ሰው አለ እንዴ? ድሮ ሙያ ከጎረቤት ነበር፤ አሁን ከስልክ ሆኗል። አንዲት የማውቃት ልጅ አለች… ስሟ ምን ያደርግልሻል? ወንድሜ በደንብ ያውቃታል፤ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ካሜራ ገዛላትና ፎቶ አንሺ ሆነች። ወዲያው ደግሞ ኤዲቲንግ ልማር ብላ ኮምፒውተር ላይ ተተከለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የሷ እንቁላል መሄዱን ንቆ በረረ እንጂ!

ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። መጀመሪያ ፊት ማለስለስ ተማረች። የወንድሜን ፊት አለስልሳ አለስልሳ… አፍንጫው የት እንደገባ እስካሁን እየተፈለገ ነው። ቀጥላ ከሰው ኋላ ያለውን ማደብዘዝ ተማረች። እሱንማ ድሮም ትችልበታለች፤ ከኋላዋ ያለ ሰው መቼ ጠርቶ ታይቷት ያውቃል? ከዚያ ብርሃን መጨመር መጣ። የሰው ሠርግ አንስታ ሙሽራዋን አንጥታ አንጥታ፣ ሙሽራው መጋረጃ ያገባ መሰለ።

እና እናታችን ከሆስፒታል የወጣች ጊዜ… ታስታውሻለሽ አይደል ያን ሕመሟን? እኔ እንኳ ብዙም አልደከምኩ። ማጠብ ነው፣ ማገላበጥ ነው፣ ወንበር ላይ ማደር ነው፤ ሌላ ምን አለው? የተጎዳችውስ ባለካሜራዋ ናት። የሆስፒታል ሽታ ራሷን ያዞራታል፤ እቤቷ ሆና ስትጨነቅልን ከረመች፣ ምስኪን። እናታችን ቤት ገባች ተብሎ ዘመድ ሲሰበሰብ ግን ካሜራዋን አንጠልጥላ ከተፍ! አነሳችን። እናታችን ወንበሯ ላይ፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ፣ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ፤ ወንድሜ በወዲያ በኩል።

ከርሞ ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ መጣ። ሁሉም ሊያደንቅ አፉን ከፈተ… እንደከፈተ ቀረ። እኔ የለሁማ! በቆምኩበት ቦታ እሷ ቆማለች፤ ያንን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ፈገግ ብላ። ካሜራውን የያዘች ሰው ፎቶው ውስጥ! ይሄ ሙያ አይደለም? «ምነው?» ስንላት፣ «ምስሉ ሚዛን እንዲጠብቅ ብዬ ነው፤ ገና እየተማርኩ አይደል» አለችን። እውነቷን ነው። ትምህርቱ እጅ ማጥፋት ላይ አልደረሰም ነበር መሰለኝ፣ የኔ እጅ እናቴ ትከሻ ላይ ቀርቷል። እስቲ አንቺው ቁጠሪው፤ ሁለቱ ደረቷ ላይ፣ አንዱ ትከሻ ላይ። በሕመሙ ጊዜ አንድ እጅ ያጣንባት ልጅ፣ እናታችን ስትድን ሦስት ይዛ መጣች! አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ፤ ሦስት እጅ ላላትስ ማን ያጨብጭብላት?

እናታችን ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አየችው። ዓይኗ ደካማ ነው፤ በጣቷ እየዳበሰች ሄዳ ሄዳ ትከሻዋ ላይ ደረሰች። አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ይታያል፣ እሱን አላለሰለሰችውም። «የኔ ልጅ» አለቻት፤ ቁጣ የለ፣ ምን የለ። «ሌላውን እንደወደድሽ አድርጊው። ይቺን እጅ ግን እንዳታጠፊብኝ፤ ያጠበችኝ እሷ ናት።» ወንድሜ ተነስቶ ወጣ። እኔም ሻይ ላምጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና እዚያው ቆየሁ።

ፎቶው አሁን እናታችን ራስጌ ተሰቅሏል። «ላስተካክለው፣ ስጡኝ» ተብላ ብትለመን፣ ብትለመን፣ እናታችን እምቢ አለች። ባለሙያዋም ይኸው ከዚያ ወዲህ ከኮምፒውተሩ አትነሳም፤ ስታጠፋና ስትመልስ ትውላለች።

ምን ነበር እሱ? ወንበር ተንቀሳቀሰ? አይ… ነፋስ ነው።

እኔ ምን ቂም አለኝ? ጠዋት ማታ ነው የምመርቃት። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣት። የሚያምር ወንድ ልጅ ይስጣት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። ስታረጅና ስትደክም ደግሞ፣ ቁርጥ እሷን የመሰለች ምራት ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ! ኧረ ጮክ ብለሽ…