ኩሬው ላይ የተጨመረው ጨው

ቅዳሜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ላማቸው ጨዋማ ከነበረው የሰፈሩ ኩሬ አልጠጣ ብላ ወተቷ እንደቀነሰ ለአንዲት የበርበሬ ነጋዴ ነገሯት።

«ከብቱ የሚወደው ጨዉን ነበር። የመስኖ ውሃ ገባበትና ጨውነቱ ጠፋ።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ፣ አባባ?»

«መከርንና ጨው ጨመርንበት።»

«እንደ ወጥ አጣፈጣችሁታ።»

«ኩሬውስ ሞልቶ ፈሰሰና የጎረቤቴን በርበሬ አደረቀው።»

«ሳይለቀም የደረቀ፣ ሳይፈጭ ጨው የገባበት በርበሬ። ለእኛ ለነጋዴዎቹ ሥራ አቀለላችሁልን።»

«ሳቂ አንቺ።»

«መስኖውን ለምን አታዞሩትም?»

«የእኔ ሽንኩርት ምን ይጠጣ?»

«ላሟስ?»

«ለእሷ ብዬ አይደል ቡሬ የምሄድ።»

ቡሬ ስንደርስ ሽማግሌው ባዶ ማዳበሪያቸውን ታቅፈው ወደ ጨው ሻጮቹ ሲያመሩ፣ በመስኮት አየኋቸው።