የወፍጮዋ ተራ

ከአዳማ ወደ ኢተያ የሚሄደው ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አዲስ የወፍጮ ማዞሪያ ቺንጋ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ወፍጮዎ በናፍጣ ነው?»

«በውሃ ነው ልጄ። እዚያ ተራራ ላይ ናፍጣ ማን ያመጣልናል? ወንዙን ጠልፈን ራሳችን በደቦ ሠራናት።»

«ጎሽ! ወዲያው ሠራችላችሁ?»

«የት! የምረቃዋ ቀን እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ወፍጮዋ ጸጥ። ለካ የመስኖ ተራው የባለቤቴ ኖሮ፣ ውሃውን ሽንኩርቷ ላይ ለቃዋለች። ተራ የማወጣው ደግሞ እኔው ነኝ!»

«ታዲያ አስቆሟት?»

«በምን አፌ? ተራዋ ነው። አጠጥታ እስክትጨርስ እንግዶቹን ምሳ እያበላን ጠበቅናት።»

ወጣቷ ሳቀች። «አሁንስ?»

«አሁንማ ወፍጮዋም እንደ አንድ አባወራ ተራ ተሰጣት። ማክሰኞና ዓርብ ውሃው የሷ ነው፣ ማንም አይነካባትም። ሴቶቻችንም እህል ጭነው ግማሽ ቀን ቁልቁል መውረድ ቀረላቸው።»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?»

«እሱ እኮ ነው የሚያቃጥለኝ! ቺንጋዋ ዛሬ ጠዋት መፍጨት ስትጀምር ተበጠሰች። ሰዉ እህሉን ደርድሮ እየጠበቀኝ ነው።»

«ካልደረሱስ?»

«እስከ ዓርብ ነዋ! ለሚስቴ ያልፈረሰ ደንብ ለእኔ ይፈርሳል?»

ሾፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠጋ ጠጋ እንድንል ሲለምን፣ እስካሁን ያልሰማሁ መስዬ የነበርኩት እኔ ቦርሳዬን ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ አንስቼ ታቀፍኩት።