ሪሞት የሌለው ማጫወቻ

ከጎንደር ወደ ቆላ ድባ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ያወራሉ። ሴትዮዋ ጭኗ ላይ አዲስ የዲቪዲ ማጫወቻ ይዛለች።

«ለልጆቼ ነው። ሻጩማ ‹የጌም ማሽን ግዢ፣ ፊልምም ያጫውታል› ብሎኝ ነበር።»

«እንኳንም አልገዛሽ።»

«ምነው አያ?»

«ትናንት ልጄ ቤት ዲቪዲው ተበላሽቶ፣ የሰርጓን ቪዲዮ በልጆቿ የጌም ማሽን ከፈቱልን። አማቾቼም ነበሩ።»

«ታዲያ ሸጋ አይደለም?»

«ድሮ እሷ ሪሞቱን ይዛ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ታሳልፈው ነበር። ይኸኛው ሪሞት የለውም። ጆይስቲኩን ብትነካካው እንቢ አላት።»

«ምን ነበረበት?»

«እኔ። ሰክሬ፣ ማይክ ይዤ። መርቅ ቢሉኝ የሙሽራውን ዘር ማንዘር እሰድባለሁ።»

«አያስታውሱትም ነበር?»

«መርቄ የተቀመጥኩ ነበር የሚመስለኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት እነሱ ያውቃሉ፣ እኔ አላውቅም። በየበዓሉ እየጠሩ ያከብሩኛል።»

«ምን አሉዎት ታዲያ?»

«የባሏ አባት ምንም እንዳላየ ሆኖ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።»

«ጎረሱ?»

«ምን ላድርግ፣ ጎረስኩ። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።»

«ልጅዎስ?»

«ዛሬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና ‹አባባ፣ ይቅር በለኝ፣ ዲቪዲውን ቶሎ ማሠራት ነበረብኝ› አለችኝ።»

እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ፣ እስክወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።