የልብ ቀበቶ

— ሄሎ... አቤት፣ ነኝ። ... እንዴት አደሩ ሲስተር? ... አለሁ፣ ያው። ልጄ ሆዴ ውስጥ ከሞተ ወዲህ «ደህና ነኝ» ማለት ትቻለሁ።

— ሄሎ? ... አዎ፣ ይሰማኛል። የሌሊቱ የልብ ምት ምን ሆነ? ... ተዘበራረቀ? በጣም?

— እንዴ፣ እኔ እኮ ተሽሎኛል። ግንባሬ ላይ ያንን ማሽን ካሰራችሁልኝ ወዲህ... አዎ፣ ትንሽ ይነዝረኛል፣ ግን ፍርሃቱን ቀነስ አድርጎልኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሴ አትወጣም፣ እንቅልፍም ይወስደኛል።

— በልብ ምቱ ምክንያት ማሽኑን ታቆሙታላችሁ? ... አይ ሲስተር፣ በናትዎ። እሱን ብቻ አታቁሙብኝ።

— እሺ... እውነቱን ልንገርዎ። ማታ ደረት ላይ የሚታሰረውን የልብ ምት መቅጃ ቀበቶ አስሬው አላውቅም። ... አንድም ቀን። ያኔ ስታሳዩኝ ጢቅ ጢቅ ሲል አልትራሳውንዱ ላይ የሰማሁት የልጄ ልብ መሰለኝ፣ አልቻልኩም። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ... እኔም እሱን ነው የምለው፣ ታዲያ የማን ምት ነው? ... ቀበቶውን ወደ እናንተ ይዛ የምትመጣው እናቴ ናት። አንዴ ይቆዩኝ።

— እማዬ፣ ነይ እስቲ። ቀበቶው የት ነው? ... የልቡ ነዋ። ... ምን ትሸፍኛለሽ? እጅሽን አንሺ። አንሺ አልኩሽ።

— ሲስተር... አሉ? እሷ ጋ ነው። ከልብሷ ስር አስራዋለች። ... «ካላሰረች ከሕክምናው ትወጣለች ሲሉ ሰማሁ» ትላለች። የእሷ ጤነኛ ልብ የሚጠቅመኝ መስሏት።

— ያ ሁሉ የተዘበራረቀ ምት የእሷ ነው? ... ሲስተር፣ እሷ እኮ አንዲት ዘለላ እንባ ጠብ አላደረገችም። «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ቻይው» ስትለኝ ልበ ደንዳና ናት ብዬ ቂም ይዤባት ነበር። እኔ በማደንዘዣ ተኝቼ ልጄን አላየሁትም። አጥባ የጠቀለለችው እሷ ናት። ፊቱን ያየችው እሷ ብቻ ናት።

— እሺ፣ ልጠይቃት። እማዬ፣ ደረትሽን ይወጋሻል? ... ከመቼ ጀምሮ? ግራ እጅሽንስ? ... «ያማጥሽው አንቺ፣ የምመረመረው እኔ?» ብላ ትስቃለች ሲስተር። ... አዎ፣ ያልባታል። ግንባሯ ርሷል። ... እማዬ፣ አትነሺ። ግድግዳውን ተደገፊ፣ እንደሱ።

— አምቡላንስ ላኩልኝ፣ ቶሎ። ቤቱን ታውቁት የለ? ... አልዘጋም፣ አልዘጋም።

— እማዬ፣ እዪኝ። እዚህ ነኝ። ... ስለ ምግቡ ተይው አሁን፣ ይረር። ... እማዬ፣ ልጄ ማንን ይመስል ነበር? ጠይቄሽ አላውቅም፣ ፈርቼ ነው። ንገሪኝ።

— ምን አልሽ?

— ሲስተር፣ ስልኩን ላስቀምጠው ነው። ... አውቃለሁ፣ አትዝጊ ብለውኛል። ድምጿ በጣም አንሷል፣ ጆሮዬን ላስጠጋላት።