ስለ ኦልጅራ መጥፋትና ሦስተኛው ስለቀረው ቃሌ

የምስክር ስም፦ ወርቅቱ ተሻለ
ዕድሜ፦ 52
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ አምቦ ከተማ፣ ቀበሌ 03
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ወልደሰንበት (ምስክሯ በራሷ እጅ ለመጻፍ ጠይቃ ተፈቅዶላታል)

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር ሾፌር ኦልጅራ ስለመጥፋቱ የማውቀውን ጽፌያለሁ።

ልጄ ፊራኦል በአምቦ ከተማ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ እየቀረጸ የሚያቀናብር ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅንብሩን ለብቻው የሚሠራ፣ ኤጀንት የሚሉትን ፕሮግራም አዘጋጀ። የካሜራ ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ይወስዳል፣ ንግግሩን ይሰማል፣ ሰው ቆም ብሎ የሚያየውን ቦታ መርጦ ይቆርጣል፣ ከሥሩ ጽሑፍ አድርጎ በስቱዲዮው የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይለቀዋል። ማንንም አይጠይቅም። አንድ ቀን «እኔን ብትቀርጸኝ ምኔን ይቆርጣል?» ብዬው ነበር። «ሃርሜ፣ ስትመርቂ ማን ያይሻል? ስትቆጪ ነው የሚፈልግሽ» ብሎ ሳቀ። ሃርሜ በእኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው።

መስከረም 28 ቀን ልጄ በሞተር ሳይክል ከጉደር ሲመለስ፣ ኦልጅራ ከባኮ ጭነት ይዞ ሲመጣ ከኋላ ገጨው። ልጄ እዚያው ሞተ፤ ስልኩም አብሮ ተሰባበረ። ኦልጅራ ሆን ብሎ እንዳላደረገው ትራፊክ ፖሊስም አረጋግጧል።

ኅዳር 20 ቀን ቅዳሜ በግቢዬ ጉማ፣ ማለትም የደም ዕርቅ ተደረገ። የኦልጅራ ወገኖች ከአጥር ውጭ ቆሙ። በእኛ ዘንድ የሟች እናት ሁለት ጊዜ ሳትከለክል እሺ አትልም፤ ቶሎ እሺ ካለች ልጇን አቃለለች ይባላል። ሽማግሌው ኦቦ ኢፋ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ «የልጄ ደም ከአስፋልቱ ላይ አልደረቀም» አልኩ። ሁለተኛ ሲጠይቁኝ «እሱን ምድር አትሸከመው» አልኩ። እሳቸው አልደነገጡም። «ተናገሪ አዴ ወርቅቱ፣ ይውጣልሽ። ኦልጅራም እኛም ቆመን እንጠብቃለን» አሉኝ። በሦስተኛው ተነሥቼ የኦልጅራን እጅ ይዤ አስገባሁት። «ታርቄሃለሁ፤ በምትሄድበት መንገድ አምላክ ይጠብቅህ» አልኩት። ከአንድ ገበታ በላን።

ዕርቁን የቀረጸችው የልጄ የሥራ ባልደረባ ናኦሚ ናት። ሩቅ ላሉ ዘመዶች እንድትልክልኝ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ካርዱን እንደ ልማዷ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ከልጄ ሞት ወዲህ አዲስ ካርድ ስላልገባ ፕሮግራሙ የቆመ መስሏት ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰው «አይዞሽ አዴ፣ እኛ አለን» አለኝ። የሚያጽናናኝ መስሎኝ አመሰገንኩት። ከሰዓት በኋላ ናኦሚ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። የሚታየው የእኔ ፊት ነው። ሁለቱን ክልከላ አንድ ላይ ገጥሞ፣ በመሃል የነበረውን የኦቦ ኢፋን ንግግር አውጥቶ፣ ከልጄ ፎቶ ቀጥሎ አድርጎታል። ሦስተኛው የለም። «የቀረውስ?» አልኳት። «የቀረውን አልፈለገውም። ታርቄሃለሁ ስትይ ድምፅሽ ዝቅ ብሎ ነበር» አለችኝ።

የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ልጄ ብቻ ነበር። የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀልን። ሰኞ ጠዋት ሌላ ወጣ። ናኦሚ እንዳስረዳችኝ ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ቀድሞ ወደ ኢንተርኔት ስለላከው ከዚያ ሆኖ ይሠራል፤ ብዙ ሰው ካየለት ያንኑ እያሳመረ ይደግመዋል። በዚህኛው የኦልጅራ ፊት ቀርቦ ይታያል፤ ስሙም ከሥር ተጽፏል። ስሙን ያገኘው ከኦቦ ኢፋ ንግግር ነው።

ወዲያው ለኦልጅራ ደውዬ ለጥቂት ቀን መንገድ እንዳይወጣ ነገርኩት። «እናቴ፣ አንቺ ታርቀሽኝ ማን ይነካኛል?» አለኝ። ማክሰኞ ከባኮ በቆሎ ጭኖ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጊንጪ መድረሱን ለሚስቱ ነገራት፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ተዘግቷል። ረቡዕ ጠዋት መኪናው ጭልሞ ጫካ አጠገብ በሩ እንደተከፈተ ተገኘ። በቆሎው አልተነካም።

የዚያኑ ቀን ለምሳ ሰዓት ገደማ የልጄ አብሮ አደግ ሃቦኔ ከሁለት ከማላውቃቸው ወጣቶች ጋር ደጄ መጣ። ጫማቸው ጭቃ ነበር። «ሃርሜ፣ ከእንግዲህ እንቅልፍ ይወስድሻል» አለኝ። «ኦልጅራ የት ነው? ማን አዘዛችሁ?» አልኩት። «አንቺ ነሻ። በጆሯችን ሰማን» አለኝ። መታረቄን ነገርኩት። «አስፈራርተውሽ ነው» ብሎ ሁለቱን ይዞ ሄደ።

ረዳት ሳጅን ወልደሰንበት ቃሌን በስልካቸው ቀድተው በኋላ ሊጽፉት ነበር። እንዳይቀዱኝ ለምኜ ወረቀት ተቀበልኩ። ሃቦኔ ዛሬውኑ እንዲጠየቅና ጭልሞ ጫካ ውስጥ ፍለጋው ሳይመሽ እንዲጀመር አመለክታለሁ። ኦልጅራ ከመኪናው ከወረደ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ከላይ ያለው ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ። «ምድር አትሸከመው» የሚለው እዚህ ወረቀት ላይም አለ። ብያለሁና አልሰረዝኩትም። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሁሉ መሃል ላይ እንዳያቆም፣ ለሌላ ሲሰጥም ቆርጦ እንዳይሰጥ እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ቃሌ ይህ ነው፦ ኦልጅራን ታርቄዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወርቅቱ ተሻለ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ወልደሰንበት፣ እስከ መጨረሻው አንብቤ ፈርሜያለሁ።